ከሰል፣ ጠብታ፣ እጥበት ወይስ ብሊቺንግ? ጥርስ ለማንጣት ገንዘብ ከማውጣታችሁ በፊት

የአክስቴ ልጅ ባለፈው ቅዳሜ የሐረጎን ዳገት ወጥታ ከኮምቦልቻ ደሴ ስትመጣ አንድ ፌስታል አንጠልጥላ ነበር። ሠርጓ ጥር ላይ ነው። ቡናው እየተፈላ ሳለ ፌስታሉን ረከቦቱ ጎን ዘረገፈችው፦ በብልቃጥ የታሸገ የከሰል ዱቄት፣ ሐምራዊ ጠብታ፣ በጥርስ ተነክሶ የሚያዝ ሰማያዊ መብራት። ሁሉም በስልክ ታዘው የመጡ ናቸው። “እትዬ፣ ከየቱ ልጀምር?” አለችኝ።

ከአንዱም አትጀምሪ አልኳት። ለምን እንዲህ እንዳልኩ ልንገራችሁ።

መጀመሪያ ጥርሱ ለምን እንደቀለመ ይታወቅ። የቡና፣ የሻይ፣ የጫትና የሲጋራ ቀለም የሚለጠፈው ከላይ ነው። በርጫ ላይ ለሚውል ሰው ወይም አቦል፣ ቶና፣ በረካ ሳያጓድል ለሚጠጣ ሰው ነገሩ አዲስ አይደለም። ቆሻሻው ሲከርም ከታችኛው የፊት ጥርስ ጀርባ እንደ ድንጋይ ይጋገራል፤ ምላሳችሁን ሰደድ ብታደርጉ የሚሻክራችሁ እሱ ነው። ከውስጥ የሚመጣው ቀለም ግን ሌላ ነው። ኢናሜል የሚባለው የላይኛው ሽፋን ብርሃን ያሳልፋል፤ ከሥሩ ያለው ዴንቲን በተፈጥሮው ቢጫ ነው። ዕድሜ ሲገፋ ሽፋኑ ይሳሳል፣ ቢጫው ይጎላል። በልጅነቱ ቴትራሳይክሊን የሚባለውን አንቲባዮቲክ የወሰደ ሰው ጥርሱ ላይ ግራጫ ወይም ቡናማ መስመር ሊቀርበት ይችላል። ወንጂ ወይም መተሐራ ያደገ ደግሞ በስምጥ ሸለቆ ውሃ ፍሎራይድ የተነሳ ነጠብጣብ ያለው ቡናማ ጥርስ ይኖረው ይሆናል። የዓለም ጤና ድርጅት ለመጠጥ ውሃ የፈቀደው ጣሪያ በሊትር 1.5 ሚሊ ግራም ፍሎራይድ ነው።

አሁን ወደ ፌስታሉ።

ከሰሉ የሚሠራው በመፈተግ ነው። የላዩን ቀለም ትንሽ ያነሳል፤ ያን ማንኛውም የጥርስ ሳሙና ያነሳዋል። የአሜሪካ የጥርስ ሐኪሞች ማኅበር መጽሔት በ2017 እ.ኤ.አ. ባወጣው ቅኝት የከሰል ምርቶች ስለ ማንጣታቸውም ሆነ ስለ ደኅንነታቸው በቂ ማስረጃ እንዳልተገኘ ጽፏል። ሐኪሞችን የሚያስቆጣቸው ግን ሌላው ነው፦ የተፈተገ ኢናሜል እንደ ጥፍር መልሶ አይበቅልም። ስለዚህ ነጭ አደርጋለሁ ብሎ ሲፈትግ የከረመ ሰው መጨረሻ ላይ የሚያጋልጠው ያንኑ ቢጫውን ዴንቲን ነው።

ሎሚ በቤኪንግ ሶዳ ደግሞ የራሴ ጥፋት ነው። ቤኪንግ ሶዳ ብቻውን ለስላሳ ነው፣ ጥርስ እምብዛም አይፍቅም። ጣጣው ሎሚው ነው። ኢናሜል ፒኤች (የአሲድነት መለኪያው፤ ቁጥሩ ሲያንስ አሲዱ ይበረታል) ከ5.5 ሲወርድ መሟሟት ይጀምራል፤ የሎሚ ጭማቂ 2 ገደማ ነው። ሦስት ሳምንት በየማታው አሸሁ። በአራተኛው ሳምንት ጠዋት ከቤት ወጥቼ አፌን ስከፍት የጦሳ ተራራ ብርድ የፊት ጥርሴን እንደ መርፌ ወጋኝ። የደሴን ክረምት ነጠላዬን አፌ ላይ ጠምጥሜ አሳለፍኩ፤ ሰው ጉንፋን የያዘኝ መስሎት ነበር።

ሐምራዊው ጠብታ ጉዳት የለውም፣ ጥቅምም የለውም። ነጭ ልብስ ሲታጠብ ቢጫው እንዳይታይ ሰማያዊ ጠብ እንደሚደረግበት ነው፤ ዓይንን ያታልላል፣ ከጥቂት ሰዓት በኋላ ታጥቦ ይሄዳል። ለፎቶ ቀን ብቻ ከሆነ ይሁን። መብራቱን ግን ተዉት። የሚያነጣው አብሮት የሚመጣው ጄል ነው፤ የእሷ ጄል ላይ ምን ያህል ፐርኦክሳይድ (የሚያነጣው ኬሚካል) እንዳለው የሚል አንድም ጽሑፍ አልነበረበትም።

መፋቂያን ከነዚህ ጋር አልደምረውም። የወይራም ይሁን የክትክታ፣ ወይም ወሎ ውስጥ ከሶላት በፊት የሚያዘው ምስዋክ፣ በአግባቡ ከተፋቁበት ጥርስ ያጸዳል፤ የዓለም ጤና ድርጅትም ምስዋክን በ1986 እ.ኤ.አ. ደግፎታል። ያጸዳል እንጂ የጥርስን የውስጥ ቀለም አይለውጥም። ይህን ስናወራ አክስቴ ጀበናውን እያዘቀዘቀች ሳቀች። ድዷን የተነቀሰችው በልጅነቷ በመርፌና በጥላሸት ነው፤ ከጥቁሩ ድድ ላይ ጥርሷ ወተት ይመስላል። “እኛ ጥርሱን ሳንነካ ነው ያነጣነው” አለች።

የጥርስ ሐኪም ዘንድ ያሉት ዋና ምርጫዎች ሁለት ናቸው፤ ብዙ ሰው አንድ ያደርጋቸዋል። እጥበት የተጋገረውን ቆሻሻና የላዩን ቀለም ያነሳል፤ ጥርሱን ወደ ራሱ ቀለም ይመልሰዋል። ብሊቺንግ ግን በፐርኦክሳይድ ጄል የጥርሱን የራሱን ቀለም ይቀይራል። ያየኋቸው ሐኪሞች ሁሉ ቅደም ተከተሉ ላይ ተስማምተዋል፦ የተቦረቦረ ካለ ይሞላ፣ ይታጠብ፣ ከዚያ በኋላ ማንጣት የሚፈልግ ያንጣ። ቡናና ጫት ላቀለመው ጥርስ እጥበቱ ብቻ በቂ የሚሆንበት ጊዜ ብዙ ነው። ዋጋውም ከብሊቺንግ በጣም ይቀንሳል። እኔ ብሆን ገንዘቤን ቀድሜ የማወጣው እዚህ ላይ ነው።

ብሊቺንግ ለሚፈልግ ጥያቄው ወንበር ላይ ወይስ ቤት የሚል ነው። ወንበር ላይ የሚቀባው ጄል ከ25 እስከ 40 በመቶ ሃይድሮጂን ፐርኦክሳይድ ሊኖረው ይችላል፤ ድድ እንዳያቃጥል ሐኪሙ ይሸፍነዋል። በአንድ ቁጭታ ያልቃል፤ ለቸኮለች ሙሽራ ይስማማል። ነገር ግን በዚያ ቀን መስታወት ላይ የሚታየው ንጣት ሁሉ የጄሉ አይደለም። ጥርሱ ስለደረቀም ይነጣል፤ በቀናት ውስጥ እርጥበቱን ሲመልስ ትንሽ ይደበዝዛል። ስለዚህ “በፊት” እና “በኋላ” ተብሎ እዚያው ወንበሩ ላይ የተነሳ ፎቶ አያማልላችሁ።

የቤቱ ዘዴ ቀርፋፋ ነው፣ እኔ ግን የምመርጠው እሱን ነው። ሐኪሙ እንደ ሊጥ ያለ ነገር አስነክሶ የጥርሳችሁን ልክ ይወስድና ጥርስ ላይ የሚጠለቅ ስስ የላስቲክ ትሬይ ያሠራል። በእያንዳንዱ ጥርስ ቦታ የምስር ፍሬ የምታክል ጄል ጠብ ታደርጋላችሁ፤ ከዚያ በላይ ከሆነ ወደ ድድ ይፈሳል። ትሬዩን አድርጋችሁ ትተኛላችሁ፣ ሁለት ሳምንት ገደማ። ከ1989 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ሲሠራበት የቆየው 10 በመቶ ካርባማይድ ፐርኦክሳይድ ሲሆን 3.5 በመቶ ገደማ ሃይድሮጂን ፐርኦክሳይድ ይሆናል። ጥርስ ከወጋችሁ አንድ ሌሊት ትዘላላችሁ፤ ወንበር ላይ ይህ ምርጫ የለም። ትሬዩም ይቀራል፤ ከዓመት በኋላ ጄል ብቻ ትገዛላችሁ። ጄል ሙቀትና ብርሃን ያዳክመዋል፤ ኮምቦልቻ ፀሐይ የሚመታው መደርደሪያ ላይ የዋለ አትግዙ።

ሁለቱም የማይነኩት አለ። ሙሌት፣ ክራውን (ጥርስ ላይ የሚደፋ ሽፋን) እና ሰው ሠራሽ ጥርስ አይነጡም፤ የፊት ጥርሱ የተሞላ ሰው ዙሪያው ነጥቶ ሙሌቱ ቢጫ ሆኖ ይቀራል። የፍሎራይድ ነጭ ነጠብጣብ ጭራሽ ሊጎላ ይችላል። የቴትራሳይክሊን ቀለም ወራት ይፈጃል። ነፍሰ ጡርና አጥቢ ብትቆይ ይመረጣል፤ በአውሮፓ ከ0.1 በመቶ በላይ ሃይድሮጂን ፐርኦክሳይድ ያለው ምርት ከ18 ዓመት በታች ላለ ሰው አይፈቀድም። ቬኒር (የጥርስን ፊት የሚሸፍን ስስ ልባስ) ደግሞ ጥርሱ ተሞርዶ የሚለበስ ስለሆነ ማንጣት አልለውም።

ልጅቷን ሰኞ ይዣት ሄድኩ። ሐኪሙ የቀለም ናሙና ጥርሶቹን አንድ በአንድ ከጥርሷ ጎን እያስጠጋ አነጻጽሮ ቁጥሩን ጻፈ። እናንተም ይህን ጠይቁ፣ አለዚያ መንጣቱን በምን ታውቃላችሁ? ካጠባት በኋላ መልሶ ሲያነጻጽር ናሙናው ተቀየረ። ብሊቺንጉን አስባበት ልትመለስ ተቀጣጥራ ወጣን። የከሰሉን ብልቃጥ አክስቴ የብር ጌጧን ልወልውልበት ብላ ወስዳዋለች።