ጎሚኒው ሲያልቅስ? የእግር ፓምፕና ያቀረበልን የእምነት ድርጅት

አንድ የእምነት በጎ አድራጎት ድርጅት ለእኛ ለአነስተኛ አትክልት አምራቾች የእግር ፓምፕ አቅርቦልናል። ምስጋናውን በቦታው አድርሻለሁ፤ እዚህ የምጽፈው ፓምፑን ለመውሰድ ለምታስቡ ነው።

ዕቃው ውስብስብ አይደለም፦ ሁለት ሲሊንደር፣ ሁለት ፒስተን፣ ከላይ ሁለት መርገጫ። አንዱን ሲረግጡት ሌላው ይነሣል፤ ውሃው ሳይቋረጥ ይወርዳል። ነዳጅ የለ፣ መብራት የለ። ጉልበቱ ከክንድ ሳይሆን ከእግርና ከሰውነት ክብደት ስለሚመጣ ከእጅ ፓምፕ ይልቅ ብዙ ያስኬዳል። በባልዲ ሳጠጣ መደቡን ሳላጋምስ ወገቤ ቅንጥስ ይል ነበር። አሁን አንዳችን እንረግጣለን፣ አንዳችን ቱቦውን ከመደብ መደብ እናዞራለን።

ፓምፑ ገና ሲወለድም ከእምነት ድርጅት እጅ ነው የወጣው። እ.ኤ.አ. በ1980 ገደማ የነደፈው ጉናር ባርነስ የተባለ ኖርዌያዊ መሐንዲስ ሲሆን፣ በሰሜን ባንግላዴሽ የሉተራን ዓለም አቀፍ ፌዴሬሽን ባቋቋመው የገጠር ልማት ፕሮግራም ውስጥ ይሠራ ነበር። መርገጫው ቀርከሃ፣ ሲሊንደሩ ላሜራ፤ የሰፈር ብረት ሠራተኛ እንዲያበጀው ታስቦ የተሠራ ነው። በዚያች አገር ብቻ ከ1 ሚሊዮን በላይ ተሸጧል።

ተሸጧል ማለቴን ልብ በሉ። የእኛም ድርጅት ከዋጋው የተወሰነውን ቀስ በቀስ እንድንከፍል አድርጓል። «እግዚአብሔርን የሚያገለግል ድርጅት ከድሃ ገንዘብ ይቀበላል?» ብለው የተቀየሙ አሉ። እኔ ግን ደግ አደረጉ እላለሁ። የከፈለበት ሰው ዕቃውን ሜዳ ላይ ጥሎ አይሄድም፤ ሲበላሽበትም አንገቱን ሳይደፋ ይጠይቃል። ስለ እምነቱ ለምትጠይቁኝ፦ ስብሰባው በጸሎት ይከፈታል፣ የፈለገ ይጸልያል። ፓምፑን ለማግኘት ግን የማንም ሃይማኖት አልተጠየቀም።

ከሁሉ የወደድኩት የጥገና ሥልጠናውን ነው። አሠልጣኟ ፓምፑን ፈታታ ሸራ ላይ ዘረጋችውና ከፒስተኑ ጫፍ ጎሚኒውን፣ ማለትም ውሃና አየር እንዳያሾልክ የሚደፍነውን የጎማ ቀለበት፣ አወጣች። ያለቀውንና አዲሱን ጎን ለጎን በጣታችን አስዳሰሰችን፤ ያለቀው ጠርዙ ሳስቶ እንደ ምላጭ ሆኗል። ጎሚኒውን የሚበላው አሸዋ ነው፤ ስለዚህ የመምጠጫው ቱቦ ጫፍ ወንፊት ይታሰርበታል፣ የጉድጓዱንም ወለል እንዲነካ አይደረግም። አዲስ ጎሚኒ ከጠፋ ዘይት የጠጣ ወፍራም ቆዳ ተቆርጦ ይተካል። ፓምፑ አልስብ ካለ መጀመሪያ ሲሊንደሩ ውስጥ ውሃ ማፍሰስ፣ እምቢ ካለ አየር የሚያስገባ መጋጠሚያ መፈለግ። ሁላችንም በየተራ ፈትተን ገጠምን። ሌላ ቦታ በእርዳታ የመጣ ሞተር አንዲት ዕቃ ጠፍታለት ዝጎ ሲቀር አይቻለሁና ይህ ሥልጠና ለእኔ ከፓምፑ አያንስም።

ቅሬታዬ ጥልቀቱ ላይ ነው። ፓምፑ የሚሠራው በመምጠጥ ነው፤ ውሃውን ወደ ላይ የሚገፋው የአየር ግፊት ነው ማለት ነው። ይህ በባሕር ጠለል ላይ በስሌት ከ10 ሜትር ብዙም አያልፍም፣ በተግባር 7 ሜትር ቢሆን ነው። 2,000 ሜትር ከፍታ ላይ አየሩ ስለሚሳሳ ስሌቱ ራሱ ወደ 8 ሜትር ይወርዳል፤ በተግባር ከ5 እስከ 6 ሜትር ቢያወጣ ነው። የተሰጠን ወረቀት ግን ለሁሉም «7 ሜትር» ብሎ ያልፋል። ጉድጓዶቹም የተለኩት ዝናቡ እንዳባራ፣ ውሃው ቅርብ ሳለ ነው። ጎረቤቴ ክፍያውን ሳያጓድል እየከፈለ፣ ፓምፑ ውሃ በሚያስፈልግበት ወር አየር ይስባል። ለእሱ የሚሆነው የገመድ ፓምፕ ነበር፤ እሱ አይመጥም፣ ገመዱ ላይ በተደረደሩ የጎማ ክቦች ውሃውን በቱቦ ውስጥ እየጎተተ ከ30 ሜትርም ያወጣል።

ስለዚህ ከመፈረማችሁ በፊት በደረቁ ወቅት ማብቂያ ገመድ ላይ ድንጋይ አስራችሁ ራሳችሁ ለኩ። ውሃው በ5 ሜትር ውስጥ ካለ ሳታመነቱ ውሰዱት። የጎረቤቴን ፓምፕ መልሰው በገመድ ፓምፕ እንዲለውጡለት ተሰብስበን ጠይቀናል፤ መልሱን እየጠበቅን ነው።