የአእምሮ ህመም ላለበት ሰው ሲጋራ ማቆሚያ አፕ፣ የትኛው ይሻላል?

ወንድሜ ስኪዞፍሬኒያ አለበት፣ ሲጋራ ላቁም ሲለኝ ደስ ብሎኝ አፕ ጫንንለት። የመጀመሪያው በጽሁፍ የታጨቀ ነው፣ ኖቲፊኬሽኑ ፋታ አይሰጥም፣ ደሞ አንዴ ካጨሰ የቆጠረለትን ቀን ሁሉ ዜሮ ያደርግበታል፣ ልጁ ተስፋ ቆርጦ አጠፋው። ለታመመ ሰው እንዲህ አይደረግም!

ከዛ አይካንኩዊት (iCanQuit) የሚባል አፕ ውስጥ ገባን። ይሄ አምሮቱን ታገል አይልህም፣ መጥቶ እስኪያልፍ ሳታጨስ እንዴት እንደምትቆይ ነው የሚያለማምድህ፣ ወንድሜ አሁን አምሮቱ ሲመጣ ራሱ ስልኩን ያነሳል። በ2020 በወጣ ጥናት ከ12 ወር በኋላ ይሄን ከተጠቀሙት 28 በመቶ፣ ኩዊትጋይድ የሚባል ሌላ ማቆሚያ አፕ ከተሰጣቸው 21 በመቶ አቁመው ተገኝተዋል፣ ጥናቱ ግን ለአእምሮ ታማሚ ብቻ የተሰራ አይደለም።

አደራ የምላችሁ፣ ክሎዛፒን ወይ ኦላንዛፒን የሚባሉትን የስኪዞፍሬኒያ መድሃኒቶች የሚወስድ ሰው ሲጋራ ሲያቆም መድሃኒቱ ደሙ ውስጥ ይጨምራል፣ ምክንያቱም ጉበት መድሃኒቱን ቶሎ እንዲያስወግድ የሚያደርገው ጭሱ ነው እንጂ ኒኮቲኑ አይደለም፣ ስለዚህ ቆዳ ላይ የሚለጠፈውን የኒኮቲን ፓች ቢጠቀምም ያው ነው። የመጀመሪያው አፕ ይሄን የትም አልጻፈውም። ማቆሚያውን ቀን ከመቁረጣችሁ በፊት ለሀኪሙ ንገሩት፣ ዶዙን እሱ ያስተካክል፣ በራሳችሁ እንዳትቀንሱ።