ጅማ ላይ ልጅ ልታስመዘግቡ ነው? ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን ፈቃድ ቀርባችሁ አንብቡት

ክረምት ገባ፣ ባነሩም አብሮ ገባ። ትናንት ከመርካቶ በባጃጅ ስመለስ አራት የትምህርት ቤት ባነር ቆጠርኩ። «ምዝገባ ጀምረናል»፣ «ቦታ ውስን ነው»፣ «ጥራት መለያችን»። አንዱን ሳየው ሆዴ ተላወሰ። አምና 33,000 ብር ያስከፈለኝ እሱ ነው።

የትምህርት ቤቱን ስም አልጠራም። አንደኛ ጉዳዩ ገና አላለቀም። ሁለተኛ ደግሞ ስሙን ብጠራ «እኛ የምናስገባው ሌላ ቦታ ነው» ብላችሁ ታልፉታላችሁ። እኔ የተሸወድኩበት ዘዴ ግን ሌላም ቦታ ሊገጥማችሁ ይችላል።

ልጄ አምና 6ኛን ጨረሰች። የነበረችበት ትምህርት ቤት እዚያ ላይ ያበቃል። ጎረቤቴ «መንግሥት ጋ አስገቢያት፣ ምን አላት» አለችኝ። አልሰማኋትም። ፈርቼ ነው፣ ምን ልደብቅ። የ2014ቱ የ12ኛ ክፍል ፈተና ውጤት ሲወጣ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ናቸው ሲባል ከሰማሁ ወዲህ እንቅልፍ የለኝም። «ከታች ካልተያዘች ከላይ አትደርስም» እያልኩ ራሴን አስጨንቃለሁ። ባነር የሚያሰቅሉት ሰዎችም ይህን ጭንቀት አሳምረው ያውቁታል።

ትምህርት ቤቱ ሰፈራችን ውስጥ ነው፣ በእግር አሥር ደቂቃ ቢሆን ነው። የግል ነው፣ ወንድና ሴት አብረው ይማራሉ፣ ጠዋት ገብተው ከሰዓት ይወጣሉ። ለትራንስፖርት አልከፍልም፣ ምሳ ይዛ ትሄዳለች፣ ዝናብ ቢመጣ ዣንጥላ ይዤ እደርሳለሁ። በልቤ ገና ግቢውን ሳላይ ጨርሻለሁ።

ዳይሬክተሯ በፈገግታ ተቀበሉኝ። ቡና አስመጡልኝ። ጅማ ላይ ቡና ማን ይነፍጋል ትሉ ይሆናል። ግን ሰው ቡና ጠጥቶ ጥያቄ ማብዛት ይከብደዋል፣ እኔም ከበደኝ። ከዚያ ግቢውን አስጎበኙኝ። ኮምፒውተር ክፍሉ በረድፍ የተደረደሩ ሞኒተሮች አሉት፣ ሁሉም ዳንቴል ለብሰዋል። እንዴት ንጹሕ ናቸው አልኩ። መጸዳጃ ቤቱን ከሩቅ በእጃቸው አሳዩኝ። «የሴቶች በዚህ፣ የወንዶች በዚያ። ወንድና ሴት አብረው ስለሚማሩ ለዚህ ልዩ ትኩረት እንሰጣለን» አሉኝ። የሴት ልጅ እናት ነኝ፣ ደስ አለኝ። ቀርቤ አላየሁም።

ወደ ክፍያው ስንመጣ ወርሃዊው 2,400 ብር ነው። «የአሥሩን ወር በአንዴ ከከፈሉ 10 በመቶ እንቀንሳለን» ተባለ። የእቁብ ዕጣዬ የወጣው ያን ሰሞን ነበር። እሰየው ብዬ 21,600 ብር ቆጠርኩ። መመዝገቢያ 3,000። ዩኒፎርምና የስፖርት ልብስ 3,800። መጽሐፍ 4,600። ደምሩት።

ዩኒፎርሙን እዚያው ካልገዛችሁ አይሆንም ተብሏል። መርካቶ ያለው ሹራብ ያው ቀለም፣ ያው ክር ነው፣ የሚጎድለው ደረቱ ላይ የምትለጠፈው አርማ ብቻ ናት። በኅዳር ክርኑ ተተረተረ። የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 የሚባል አለ። ሸማች ያልፈለገውን ዕቃ ካልገዛህ የፈለግኸውን አታገኝም ተብሎ መገደድ እንደሌለበት ይናገራል። እኔ አዋጁን ያነበብኩት ገንዘቤ ካለቀ በኋላ ነው። እናንተ ቀድማችሁ አንብቡት።

የመጀመሪያው ወር ደህና ነበር። እንግሊዝኛ አስተማሪዋ ጎበዝ ናት፣ እሷን ማማት ነውር ነው። ከዚያ የሂሳብ መምህሩ ለቀቀ። የሳይንሱ መምህር ሂሳብ ደርቦ ያዘ፣ ቆየት ብሎ ስፖርትም ተጨመረለት። ልጄን «ኮምፒውተር ምን ተማራችሁ?» ስላት «ስዕል» አለችኝ። ደብተር ላይ ኮምፒውተር እየሳሉ ክፍሎቹን ይሰይማሉ። «ለምን አታበሩትም?» ብላት «እማዬ፣ ሞኒተር ብቻ እኮ ነው፣ ሲፒዩ የላቸውም» ብላ ሳቀች። እኔም ሳቅኩ፣ ምን ላድርግ። ያ ሁሉ ዳንቴል ለካ ራቁታቸውን እንዳይታዩ ኖሯል።

በጥቅምት «ትምህርታዊ ጉብኝት» ተብሎ 500 ብር ተጠየቅን። የት ነው ስል ጅሬን፣ የአባ ጅፋር ቤተ መንግሥት። ጅሬን እኮ እዚሁ ነው! ከመሃል ከተማ ሰባት ኪሎ ሜትር ቢሆን ነው። ልጅ የአባ ጅፋርን ቤት ማየቷ ደስ ይለኛል፣ ጅማ ተወልዶ ያንን ሰገነት ሳያይ የሚያድግ ልጅ ያሳዝናል። ግን በ500 ብር እኔ ቤተሰቡን ሙሉ በባጃጅ አመላልሼ ለሻይም ይተርፈኛል። ከፈልኩ። የልጅ ነገር፣ ጓደኞቿ ሄደው እሷ ትቅር?

ይህ ሁሉ ያበሳጫል እንጂ አይገድልም። የመጸዳጃ ቤቱ ነገር ግን ሌላ ነው።

ልጄ ጠዋት የሞላሁላትን የውሃ ኮዳ ማታ እንደሞላ ትመልሰዋለች። «አልጠማኝም» ትለኛለች። አንድ ቀን፣ ሁለት ቀን። በሦስተኛው ሳምንት ልብ አልኩ። ከበር ስትገባ ቦርሳዋን ወርውራ የምትሮጠው ወደ ሽንት ቤት ነው። «ቀኑን ሙሉ አልሄድሽም እንዴ?» አልኳት። ዝም። ይዣት ተቀመጥኩ። «ተቆልፎ ነው» አለችኝ በመጨረሻ።

በማግስቱ ሳልነግራቸው ሄድኩ። ኃይለኛ ዝናብ ነበር። የሴቶቹ በር ላይ የዛገ ጓጉንቸር ተንጠልጥሏል። የወንዶቹ ክፍት ነው፣ አንደኛው ጭራሽ በር የለውም። ጥበቃውን ጠየቅኳቸው፣ ደግ ሽማግሌ ናቸው። «አባባ፣ ይህ ለምን ተቆለፈ?»

«ውሃ የለም ልጄ፣ ይቆሽሻል። ቆልፍ ተብዬ ነው።»

እሳቸው ውሃ የለም ሲሉኝ ዝናቡ የመጸዳጃ ቤቱን ቆርቆሮ ይደበድበዋል። አሸንዳ ሠርቶ በርሜል የሚያስቀምጥ ሰው ጠፍቶ ነው።

«ታዲያ ሴቶቹ ልጆች የት ይሂዱ?»

«ይጠይቁኝና እከፍትላቸዋለሁ» አሉና ኪሳቸውን መታ መታ አደረጉ። ቁልፉ እዚያ ነው።

እንግዲህ የ13 ዓመት ልጅ የክፍል ጓደኞቿ ወንዶች ኳስ የሚጫወቱበትን ሜዳ አቋርጣ፣ በር ላይ ከተቀመጡ ሽማግሌ የሽንት ቤት ቁልፍ ስትለምን አስቡት። በወር አበባዋ ሰሞን አስቡት። ልጄ መጠማቱን መርጣለች። እኔ ደግሞ ለዚህ ከፍዬ።

ዳይሬክተሯ ጋ ገባሁ። «ጊዜያዊ ችግር ነው» አሉኝ። እስከ ታኅሣሥ ጊዜያዊ ሆኖ ቆየ።

በታኅሣሥ ነው ዋናው ነገር የወጣው። በወላጆች የቴሌግራም ግሩፕ አንዲት እናት ጻፈች። ልጇን ወደ ሌላ ትምህርት ቤት ልታዛውር ብትሄድ «የእነሱ 7ኛ ክፍል አይታወቅም» ብለው መለሷት። ግሩፑ ተናወጠ። ዳይሬክተሯ «አሉባልታ ነው» ብለው ጻፉና ግሩፑን ዘጉት። መዝጋታቸው ነው ያነቃኝ። በነጋታው ትምህርት ጽሕፈት ቤት ሄድኩ።

እዚያ ያለው ባለሙያ ፋይል ከፍቶ ግማሽ ሰዓት አልፈጀበትም። «ፈቃዳቸው እስከ 6ኛ ነው» አለኝ።

«7ኛስ?»

«ጠይቀዋል። አልተፈቀደላቸውም።»

እንዲህ ነው ነገሩ። በአዲሱ ሥርዓት የመጀመሪያ ደረጃ በ6ኛ ያበቃል። 7ኛና 8ኛ መካከለኛ ደረጃ ናቸው፣ ለብቻቸው ፈቃድ ይፈልጋሉ። ባለሙያው እንዳስረዳኝ ለየትምህርቱ የሚመጥን መምህር አለ ወይ፣ ቤተ ሙከራና ቤተ መጻሕፍት አለ ወይ ተብሎ ይታያል። ከ1ኛ እስከ 6ኛ የተፈቀደለት ሁሉ ዝም ብሎ ወደ ላይ መቀጠል አይችልም። የእኛዎቹ ቀጠሉ።

ቢሮው ግድግዳ ላይ የተሰቀለው ፈቃድ የውሸት አይደለም። እኔም ቡናዬን ስጠጣ አይቼዋለሁ። ማኅተም አለው፣ በመስታወት ተገጥሟል። እስከ ስንተኛ ክፍል እንደሆነ የሚናገረው አንድ መስመር ነው፣ እሱን አላነበብኩም። ከወንበሬ ተነስቼ ሁለት እርምጃ ብሄድ ይህ ሁሉ አይመጣም ነበር።

ተመልሼ ስጠይቃቸው አልካዱም። «በሂደት ላይ ነው» አሉ። «8ኛ ክፍል ላይ ክልላዊ ፈተና አለ፣ ልጄ በማን ስም ልትቀመጥ ነው?» አልኳቸው። «በሌላ ትምህርት ቤት ስም እናስፈትናቸዋለን፣ አይጨነቁ» ብለው መለሱልኝ። ድምፃቸው ልስልስ እንዳለ ነው፣ ቡና ይጠጡ እንደሚል ሰው።

ልጄን በጥር አወጣኋት። ማውጣቱ ራሱ ሌላ ጣጣ ነው። መሸኛ ለመስጠት ክሊራንስ ጨርሺ አሉኝ። ከቤተ መጻሕፍት የወሰደችው መጽሐፍ እንደሌለ የሚያረጋግጥ ፊርማ ያስፈልጋል። ፈራሚዋ ሥራ ለቃለች። ቤተ መጻሕፍቱ ራሱ መደርደሪያና ሁለት ወንበር ነው፣ ልጄ አንድም ቀን መጽሐፍ ተውሳ አታውቅም። በዚህ ሦስት ሳምንት ተመላለስኩ። መሸኛውን ይዤ ስሄድ ደግሞ የመንግሥት ትምህርት ቤቱ ርዕሰ መምህር የመጀመሪያውን መንፈቅ ውጤት አልቀበልም አሉ። እውነታቸውን ነው። ጽሕፈት ቤቱ ደብዳቤ ጽፎላቸው፣ እሳቸውም ፈትነው ተቀበሏት።

ገንዘቡን ላምጣ። አምስት ወር ተምራለች፣ አምስት ወር ቀርቷል። ስለዚህ 10,800 ብር መልሱ አልኩ። ዳይሬክተሯ ደረሰኙን ገልብጠው ጀርባውን አሳዩኝ። በደቃቅ ፊደል «የተከፈለ ክፍያ አይመለስም» ይላል። ከከፈልኩ በኋላ በተሰጠኝ ወረቀት ጀርባ ማለት ነው። ያኔ ነው አዋጁን ይዤ የሄድኩት። ሸማች ስለሚገዛው አገልግሎት በቂና ትክክለኛ መረጃ የማግኘት መብት አለው፣ አሳሳች ማስታወቂያም ክልክል ነው። ያልተፈቀደን ክፍል ባነር ላይ መጻፍ ከዚህ ሌላ ምን ይባላል? በሁለት ዙር 6,000 ብር መለሱልኝ። 4,800ው አሁንም እዚያው ነው። የዩኒፎርሙን 3,800 አታንሱት፣ ሹራቡን የቤት ማጽጃ አድርጌዋለሁ።

አንድ ነገር ያዳነኝ ደረሰኝ መያዜ ነው። ከእኔ ጋር ከከፈሉት ወላጆች አንዷ በእጅ ሰጥታ ምንም አልተቀበለችም። ከፍላ እንደነበር እንኳ ማስረዳት አልቻለችም። በባንክ ወይም በቴሌብር ክፈሉ፣ ደረሰኝም ተቀበሉ፣ ጀርባውንም ገልብጣችሁ አንብቡ። የዓመት ቅናሽ የሚሏችሁ እጃችሁን ሊያስሩ ነው። በየወሩ የሚከፍል ወላጅ ሲከፋው ይወጣል። እኔ ለ2,400 ብር ቅናሽ ብዬ አምስት ወር ታሰርኩ።

ጥሩ የግል ትምህርት ቤት ጅማ ውስጥ የለም አልልም። የእህቴ ልጆች የሚማሩበትን አይቼ ቀንቻለሁ። ደህናው ፈቃዱን አሳዩኝ ሲባል አይቆጣም፣ ወረቀቱን ከግድግዳው አውርዶ ይሰጣችኋል። ስለዚህ አትፈሩ። ልጃችሁ የምትገባበትን ክፍል ጠቅሳችሁ ጠይቁ፣ «ፈቃድ አላችሁ?» ብቻ ካላችሁ «አለን» ይሏችኋል፣ አልዋሹምም። ከዚያ ቃላቸውን ይዛችሁ ትምህርት ጽሕፈት ቤት ሂዱና አረጋግጡ፣ አያስከፍልም። አምና 8ኛ የተፈተኑ ልጆች ካሏቸው በማን ስም፣ በየትኛው ቋንቋ እንደተፈተኑ ጠይቁ። ቤታችሁ አማርኛ የሚነገር ከሆነ የአፋን ኦሮሞ መምህር መኖሩንም ጠይቁ፣ የእኔዋ መንፈቁን ሙሉ ያለ መምህር ነው ያሳለፈችው። ኮምፒውተሩን አብሩልኝ በሉ። መጸዳጃ ቤቱን በእጅ ሲያሳዩአችሁ በእግራችሁ ሂዱ፣ በሩን ግፉት። ከቻላችሁ በመውጫ ሰዓት በር ላይ ቆማችሁ አንዷን ተማሪ «ሽንት ቤት የት ነው?» በሏት። ፊቷን እዩት።

ልጄ አሁን የመንግሥት ትምህርት ቤት ናት። ክፍሉ ይጨናነቃል፣ በዚያ ላይ ሩቅ ነው፣ በጭቃው ሰሞን ጫማዋ አይለይም። ኮዳዋ ግን ባዶ ሆኖ ይመጣል።

ትናንት ከባጃጁ ወርጄ ባነሩን ጠጋ ብዬ አነበብኩት። ያው ባነር፣ ያው ፎቶ ነው። አምና «ከነርሰሪ እስከ 7ኛ ክፍል» የሚለው ላይ አዲስ ወረቀት ለጥፈውበታል። 8ኛ ሆኗል።