ያረጀ ኮንዶሚኒየም ወይስ ያልተሠራ አፓርታማ? መሃል አዲስ አበባ የመጀመሪያ ቤቱን ለሚገዛ

ጓደኞቼ ደውለው ሰላምታው ሳያልቅ የሚጠይቁኝ አንድ ነገር ነው። «ትንሽ ብር አለችኝ፤ ሪል እስቴት ልያዝ ወይስ ኮንዶሚኒየም ልግዛ?» መልሴ ስለማይቀየር አንዴ ልጻፈውና ልገላገል።

ብራችሁ ውስን ከሆነና መሃል ከተማ መኖር ካለባችሁ፣ ካርታው ንጹሕ የሆነ ያረጀ ኮንዶሚኒየም ግዙ። ልደታ፣ ጎተራ፣ ባልደራስ፣ እንዲህ ያሉት ሰፈሮች። ደረጃው ይጨልም፣ ቀለሙ ይላጥ፣ ኮሪደሩ በርበሬ በርበሬ ይሽተት፤ ግድ የለም። ቤቱ አለ። መሬቱ ገና ሳይቆፈር በወረቀት የሚሸጥ አፓርታማ፣ ርክክቡ ቢዘገይም ለማይቸገር ሰው ነው። ወገንተኛ ነኝ፤ ምክንያቴን ግን በብር ላስረዳ።

የካሬው ተንኮል

ሪል እስቴት ሻጮች ዋጋ የሚጠሩት በካሬ ነው። «በካሬ 120 ሺህ ብቻ» አሏችሁ እንበል። ባለ ሁለት መኝታው 70 ካሬ ከሆነ 8 ሚሊዮን ከ400 ሺህ ብር መጣ። ግን 70ው የቱ ነው? ብዙ ጊዜ ግሮስ ነው። ደረጃው፣ የሊፍቱ ቦታ፣ መተላለፊያው ሁሉ ተካፍሎ እናንተ ላይ ተደምሯል። ቤቱ አልቆ ሜትር ይዛችሁ ብትለኩት 56 ካሬ ልታገኙ ትችላላችሁ። 8.4 ሚሊዮንን ለ56 አካፍሉት። የምትኖሩበት ካሬ 150 ሺህ ገባ ማለት ነው። ስለዚህ «የተጣራው ስንት ነው?» በሉ፤ መልሱም ውሉ ላይ ይጻፍ።

ቫትም አለ፤ 15 በመቶ። የተጠራው ዋጋ ቫትን ይጨምር እንደሆነ ሳታረጋግጡ ከወንበሩ አትነሱ። በዚህ ቤት ላይ ልዩነቱ 1 ሚሊዮን ከ260 ሺህ ብር ነው። ፓርኪንግ ለብቻው ሊሸጥ ይችላል። «ሰሚ ፊኒሽድ» ካሏችሁ ደግሞ ሴራሚኩ፣ የውስጥ በሩ፣ ኪችን ካቢኔቱ፣ አንዳንዴም የመታጠቢያ ቤት ዕቃው በናንተ ነው። ማሳያ ክፍሉ ውስጥ ያያችሁት የሚያብረቀርቅ ወለል ውሉ ላይ በዓይነትና በደረጃ ካልተጻፈ እዚያው ማሳያ ክፍል ይቀራል።

ኮንዶሚኒየሙን ግን ገብታችሁ፣ ቆማችሁ፣ ራሳችሁ ለክታችሁ ነው የምትገዙት። የተደበቀ ካሬ የለም።

ዶላር እና ኪራይ

የአክስቴ ልጅ ባለ አንድ መኝታ አፓርታማ በቅድመ ክፍያ ያዘ። ስሙን የማልጠራው ድርጅት በ24 ወር አስረክባለሁ ብሎት ነበር። 24ቱ ወር አለፈ፤ ሕንጻው አምስተኛ ፎቅ ላይ ቆሞ ነበር። የሱ ቤት ዘጠነኛ ላይ ነው። ቢሮ ሄዶ ሲጠይቅ ሻይ ቀርቦለት «ሲሚንቶ ጠፍቶ ነው፣ ትንሽ ታገሠን ወንድማችን» ተባለ።

ከመዘግየቱ የባሰው ውሉ ውስጥ ያለች አንዲት አንቀጽ ናት። ያልተከፈለው ብር በዶላር ምንዛሪ ይስተካከላል ትላለች። ሲፈርም ማንም አላነበበለትም፤ «የተለመደ ነው» ብለው አለፏት። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ምንዛሪው በገበያ ይወሰን ተባለ። ከ57 ብር አካባቢ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። እንዲህ ያለ አንቀጽ ምን እንደሚያደርግ አስሉት፦ የ6 ሚሊዮን ቤት ይዛችሁ 3 ሚሊዮን ከከፈላችሁ፣ ዶላሩ እጥፍ ሲሆን የቀረው 3 ሚሊዮን 6 ሚሊዮን ይሆናል። ቤቱ 9 ሚሊዮን ገባ። ደመወዛችሁ የሚከፈለው ግን በብር ነው።

ሁሉም ድርጅት እንዲህ አይደለም። በብር የጸና ዋጋ የሚዋዋሉ አሉ፤ በተባለው ጊዜ የሚያስረክቡም አሉ። ግን ይሄንን የምታውቁት ከተከፈለ በኋላ ነው።

በዚህ ሁሉ ጊዜ ኪራይ አለ። በወር 25 ሺህ ብትከፍሉና ርክክቡ 3 ዓመት ቢፈጅ 900 ሺህ ብር ሄደ። ይሄ ቁጥር በብሮሹሩ ላይ የለም፤ እናንተ ግን በቤቱ ዋጋ ላይ ደምሩት። ኮንዶሚኒየም የገዛ ሰው ቀለም እንኳ ሳይቀባ ፍራሹን ይዞ ይገባል።

የኮንዶሚኒየሙ ዋጋም የተጠራው ብቻ አይደለም

እዚህም ቀልድ የለም። ደላላው «አምስት ሚሊዮን፣ መጨረሻ» ካለ እጃችሁ ላይ ያለው 5 ሚሊዮን ብቻ ከሆነ ቤቱን አትችሉትም። ቴምብር ቀረጡ 2 በመቶ ነው፤ 100 ሺህ ብር። የስም ማዛወሪያ ክፍያ አለ። ደላላው በተለምዶ ከገዢ 2 በመቶ ይጠይቃል። በቃል ሳይሆን በጽሑፍ፣ ቤቱን ከማየታችሁ በፊት ተስማሙ፤ አንድ ቤት ላይ ሦስት ደላላ «እኔ ነኝ ያሳየሁት» ሲል አይቻለሁ።

ትልቁ ክርክር የካፒታል ዕድገት ግብሩ ላይ ነው። በገቢ ግብር አዋጁ፣ ቁጥር 979/2008፣ ሕንጻ ሸጦ ያተረፈ ሰው የሚከፍለው ከትርፉ 15 በመቶ ነው። ሻጩ በዕጣ ሲደርሰው 300 ሺህ ብር ከፍሎ አሁን በ5 ሚሊዮን ከሸጠ፣ ትርፉ በግርድፉ 4.7 ሚሊዮን፣ ግብሩም 705 ሺህ ብር ነው። ግብሩ የሻጭ ነው። ሻጮች ግን «ወጪውን ገዢ ይችላል» ማለት ለምደዋል። ዋጋ ስትከራከሩ መጀመሪያ የምትጠይቁት ይሄንን ነው። ነጻ ነኝ የሚል ሻጭ ማስረጃውን ያምጣ። «ውሉ ላይ ዋጋውን ዝቅ አድርገን እንጻፍ» ለሚላችሁ ደግሞ እሺ አትበሉ። ነገ ሽያጩ ቢፈርስ የምታስመልሱት የተጻፈውን ብቻ ሊሆን ይችላል።

እነዚህን ሁሉ ደምሩና በላዩ የቤቱን ዋጋ 10 በመቶ ለጥገና ያዙ። እኔ የምጠቀምበት ልክ ነው። ለ5 ሚሊዮን ቤት 500 ሺህ። እንዲህም ሆኖ ከላይኛው የአፓርታማ ስሌት ያንሳል፤ የዛሬ ማታ መኝታችሁም የራሳችሁ ቤት ነው።

ባንክ አበድሮኝ እገዛለሁ የምትሉ፣ 3 ሚሊዮን ብር በ17 በመቶ ወለድ ለ15 ዓመት ብትወስዱ ወርሃዊው ወደ 46 ሺህ ብር ይመጣል። በጠቅላላው 8.3 ሚሊዮን ገደማ ትመልሳላችሁ። ያለቀና ካርታ ያለው ቤት ግን ራሱ መያዣ መሆን ይችላል። በወረቀት ላይ ያለ አፓርታማ ይዛችሁ ባንክ ብትሄዱ ወሬው ሌላ ነው።

ፎቅ ስትመርጡ

ጂ+4 የሆኑት ነባር ብሎኮች ሊፍት የላቸውም። ስለዚህ ዋጋው ወደ ላይ በወጣችሁ ቁጥር ይቀንሳል። አራተኛ ፎቅ ረክሶ ስታገኙት አትቸኩሉ። ጣሪያው ቆርቆሮ ነው፤ ክረምት ሲመጣ የሚያፈሰው እናንተ ላይ ነው። ውሃ በፈረቃ ሲመጣ ግፊቱ እዚያ ላይደርስ ይችላል፤ ፓምፕና ሮቶ ትገዛላችሁ። ምድር ቤቱ ደግሞ ማንሆል ሲሞላ ቀድሞ የሚያውቀው ነው። እኔ አንደኛና ሁለተኛ ፎቅ ነው የምለው። ሦስተኛም ጉልበት ላለው።

ቤቱን ስታዩ ሳሎኑ ላይ አትቆዩ። ሽንት ቤት ግቡና ኮርኒሱን ቀና ብላችሁ እዩ። ቢጫ ክብ ካለ ከላይ ያለው ቤት ያፈስሳል። አዲስ ቀለም እዚያች ቦታ ላይ ብቻ ከተቀባ ይበልጥ ተጠራጠሩ። ከዚያ ታች ወርዳችሁ የምትገዙት ቤት ሥር ያለውን በር አንኳኩ። «እማማ፣ ከላይ ውሃ ይመጣብዎታል?» ብላችሁ ጠይቁ። እሳቸው የሚነግሯችሁን ሻጩም ደላላውም አይነግራችሁም። የአንድ ጓደኛዬ ቤት የፍሳሽ መስመሩ ከውስጥ ተሰንጥቆ ኖሮ ሴራሚኩ ሁሉ ተነሣ፤ የታችኛዋ ጎረቤት ኮርኒስም በሱ ወጪ ተሠራ።

ስታድሱ ብር የምትቆጥቡበት ቦታ ቀለም ነው፤ ቧንቧና መብራት ላይ እንዳትሞክሩ። መርካቶ አንድ ዓይነት የሚመስሉ ሁለት ብሬከሮች ታገኛላችሁ፤ ስማቸው አንድ፣ ካርቶናቸው አንድ፣ ዋጋቸው ግን የሰማይና የምድር ያህል ይራራቃል። ርካሹን በእጃችሁ ያዙት፤ ይቀልላል። ጽሑፉን በጥፍር ፋቁት፤ ከለቀቀ ተዉት። ኮፒው ምጣድ ሲሰካ መውረድ ሲገባው አይወርድም፤ የሚቀልጠው ሶኬቱ ነው። ለምጣድ ራሱን የቻለ ወፍራም ገመድ ከቆጣሪው አስጎትቱ። ያረጁት ቤቶች የተዘረጋላቸው ገመድ ምጣድ፣ ቦይለርና ምድጃ ባንድ ላይ አይችልም።

ሲንክና ሽንት ቤት ሥር ያለችው ፍሌክሲብልም እንዲሁ ናት። ርካሿ ላይዋ ብረት መስሎ ውስጧ ስስ ጎማ ነው። ውሃ ጠፍቶ ሌሊት በድንገት ሲመጣ ትፈነዳለች። እናንተ ተኝታችኋል፤ ውሃው ወደ ታችኛው ቤት ይወርዳል። ጥቂት መቶ ብር ጨምራችሁ ደህናዋን ግዙ። ሠራተኛው «ያው ነው» ቢላችሁ አትስሙት፤ ሲፈነዳ የሚከፍለው እሱ አይደለም።

ጣሪያው፣ ደረጃውና የጋራ መስመሩ በኮንዶሚኒየም አዋጁ፣ ቁጥር 370/1995፣ የሁሉም ባለቤቶች ንብረት ነው። የብሎኩ ማኅበር ብር ይሰበስብ እንደሆነ፣ ሒሳብ ይኖረው እንደሆነ ጠይቁ። ማኅበሩ የሞተ ብሎክ የሚታወቀው በደረጃው አምፖል ነው።

ወረቀቱ

የኮንዶሚኒየም አደጋ ያለው እዚህ ነው። በዕጣ የደረሰ ቤት ለ5 ዓመት አይሸጥም። ያልሞላው ሻጭ «በውክልና እንጨርሳለን» ይላል፤ ዋጋውም ይቀንስላችኋል። አትንኩት። ውክልና የሰጠው ሰው በፈለገ ቀን ይሽረዋል። ከሞተ ውክልናው በመርሕ ደረጃ ያበቃል፤ ከዚያ ከወራሾች ጋር ፍርድ ቤት ነው። በርካሽ የተገዛው ቤት ከሁሉም ውዱ ይሆናል።

የማይንቀሳቀስ ንብረት ሽያጭ በጽሑፍ ሆኖ ውልና ማስረጃ ካልጸደቀ አይጸናም፤ የፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 1723 ነው። ሻጩ ያገባ ከሆነ የትዳር ጓደኛውም ይፈርማሉ። ካርታው በአንዱ ስም ብቻ መሆኑ አያዘናጋችሁ። የንግድ ባንክ ዕዳ ካለ የተከፈለበትን ማረጋገጫ በዓይናችሁ እዩ። ዕዳና ዕገዳ እንደሌለ ከክፍለ ከተማው ራሳችሁ አጣሩ፤ ደላላው የያዘው ፎቶ ኮፒ ማጣሪያ አይደለም።

ቀብድ ስትከፍሉ ቀብድ መሆኑ በውሉ ይጻፍ። ሕጉ እንዲህ ነው፦ ገዢ ከወጣ ቀብዱን ያጣል፤ ሻጭ ከወጣ እጥፉን ይመልሳል። ዋጋ በየሳምንቱ በሚጨምርበት ከተማ ይሄ መስመር ብዙ ሻጭ በቃሉ እንዲጸና ያደርጋል።

ሌሎቹስ?

ሰንጋ ተራና ክራውን ያሉት የ40/60 ቤቶች (40 በመቶው ተቆጥቦ 60ው በባንክ ብድር የሚከፈልባቸው የመንግሥት ቤቶች) ጥሩ ናቸው። ሊፍት አላቸው፣ ሰፋ ይላሉ። ዋጋቸውም እንደዚያው ነው። ከደረሳችሁበት ከጂ+4 ይሻላሉ። ሊፍቱ ይሠራ እንደሆነ ግን በደላላው ወሬ ሳይሆን ወጥታችሁ ወርዳችሁ ሞክሩ።

ፒያሳ ወይም ካዛንቺስ አካባቢ ትንሽ ግቢ ያለው የጭቃ ቤት በርካሽ አገኘሁ የምትሉ፣ ከ2016 ጀምሮ በመልሶ ማልማቱ ምን እንደተነሣ አይታችኋል። ፕላኑን ሳታዩ እንዳትሞክሩት።

ሪል እስቴት መግዛት ካለባችሁም ስትራክቸሩ አልቆ ግድግዳው የቆመ ሕንጻ ላይ፣ በብር በተቆረጠ ዋጋ፣ መዘግየት በየወሩ የሚያስቀጣ አንቀጽ ያለው ውል ፈርሙ። ካሬው ውድ ይሆናል። የምትገዙትን ግን እያያችሁት ነው።

ኮንዶሚኒየሙን የገዛችሁ ደግሞ የመጨረሻው ክፍያ ከመሄዱ በፊት የመብራትና የውሃ ደረሰኝ፣ የጣሪያና ግድግዳ ግብር ደረሰኝም ተቀበሉ። ውዝፍ ካለ ከዋጋው ይቀነስ። ተከራይ ካለበት የኪራይ ውሉን አንብቡ፤ በአዋጅ ቁጥር 1320/2016 ውል ቢያንስ የ2 ዓመት ነው፣ «በሳምንት አስወጣዋለሁ» የሚል ሻጭ የሚያወራውን አያውቅም። ቁልፉን በተረከባችሁበት ቀን ሲሊንደሩን ቀይሩ። ያቺ ቁልፍ ስንት ደላላ ኪስ እንደገባች ሻጩም አያውቅም።