ለአሮጌ አውሮፕላን የትኛው ሌንስ? በባጃጅ፣ በፔጆና በሐረር አሞራ ሞከርናቸው

"አቦ፣ 600ውን ልግዛ አይደል?"

ጓደኛዬ ነው። 600 የሚለው እስከ 600 ሚሜ ድረስ ሩቁን የሚያቀርበውን ትልቅ ሌንስ ነው። የድሬዳዋ ከዚራ ልጅ፣ ሰርግ አንሺ፣ ካሜራው ካኖን 80ዲ። ክረምት ላይ እንግሊዝ ያለችው እህቱ ጋ ሊሄድ ነው። እሷም ወንድሟ ከልጅነቱ ጀምሮ በአውሮፕላን እብድ እንደሆነ ስለምታውቅ የደክስፎርድ የአየር ትርኢት ቲኬት ቀድማ ቆርጣለታለች። ደክስፎርድ ከካምብሪጅ በስተደቡብ ያለ የድሮ የጦር አየር ማረፊያ ነው፤ አሁን ሙዚየም ሆኗል። ስፒትፋየር፣ ሀሪኬን፣ ሙስታንግ፣ ሳሊ ቢ የምትባለዋ ባለ አራት ሞተር ቢ-17 እዚያ አሉ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ዘመን የተሠሩ ናቸው፣ ዛሬም ይበራሉ። እኔ ከጥቂት ዓመታት በፊት አንዴ ሄጄ አይቻለሁ። ለዚህ ነው ጥያቄው ወደ እኔ የመጣው።

አትግዛ አልኩት። ሻያችን እስኪቀዘቅዝ ተከራከርን።

መጀመሪያ እኔ የሠራሁትን ጥፋት ልንገራችሁ። ያኔ 150-600 ሚሜ ሌንስ ተከራይቼ ነው የገባሁት። ቀኑ ብራ ነበር። ሻተር ስፒዱን (ካሜራው ለብርሃን የሚከፈትበትን ጊዜ) 1/1600 ሰከንድ ላይ አድርጌ ጠዋቱን ሙሉ ሳነሳ ዋልኩ። ማታ ኮምፒውተር ላይ ስከፍተው ፎቶው ሁሉ ጥርት ያለ ነው፣ ብሎኑ ሳይቀር ይቆጠራል። ፕሮፔለሩ ግን ቀጥ ብሏል። ስፒትፋየሩ ሰማይ ላይ በክር የተንጠለጠለ መጫወቻ መሰለ። ሞተሩ ጠፍቶበት ሊወድቅ ነው ብትሉም ያስኬዳል።

ነገሩ ቀላል ሂሳብ ነው። በደቂቃ 1000 ዙር የሚዞር ፕሮፔለር ውሰዱ። በ1/1000 ሰከንድ ውስጥ የሚዞረው 6 ዲግሪ ብቻ ነው፤ ስለዚህ የቆመ ይመስላል። በ1/125 ግን 48 ዲግሪ ይዞራል። ባለ አራት ምላጭ ከሆነ በምላጮቹ መሀል ካለው ክፍተት ግማሹን ሞላ ማለት ነው፣ እና ዓይን "ይሄ ነገር ይበራል" ይላል። ባለ ሁለት ምላጭ ለሆኑት የቆዩት ደግሞ ከዚያም መውረድ ያስፈልጋል። ጄት ከሆነ የሚዞር ነገር አይታይም፣ እንደፈለጋችሁ 1/1000 እና ከዚያ በላይ ተኩሱ። አሮጌ አውሮፕላን ግን በቀስታ ሻተር ነው የሚነሳው፣ እየተከተሉ፣ ከወገብ እየዞሩ። በ1/125 ደግሞ ሁለት ኪሎ ሌንስ ከእጅ ላይ ይዞ መከተል ምን ማለት እንደሆነ የሞከረው ያውቀዋል።

የምታወዳድሩት እንግዲህ ማን ሩቅ ያያል የሚለውን አይደለም። ከሰዓት በኋላ እጃችሁ ሲዝል ማን ሳይንቀጠቀጥ ይከተላል ነው ጥያቄው።

ሦስቱን ሰበሰብን። ትንሹ የሱ ነው፣ መካከለኛው የእኔ፣ ትልቁ ከአዲስ አበባ በውሰት የመጣ። ሦስቱም የካኖን ካሜራ ላይ የሚገቡ ናቸው።

ካኖን 70-300፣ ሁለተኛው፣ ጀርባው ላይ ትንሽ ስክሪን ያለው፦ 710 ግራም፣ ፊልተሩ 67 ሚሜ፣ ሲወጣ 549 ዶላር።
ካኖን 100-400 ኤል፣ ሁለተኛው፦ ከነእግሩ 1,640 ግራም፣ ፊልተሩ 77 ሚሜ፣ ሲወጣ 2,199 ዶላር።
ታምሮን 150-600 ጂ2፦ 2,010 ግራም፣ ፊልተሩ 95 ሚሜ፣ ሲወጣ 1,399 ዶላር።

በብር አልጽፍም። ዛሬ የጻፍኩት ነገ ውሸት ይሆናል። ታይዋን ገበያ ብትጠይቁ እንኳ ጠዋትና ማታ የሚነግሯችሁ አንድ አይደለም። ያገለገለ ከሆነ ሁሉም ከዚህ በብዙ ይወርዳል። ደግሞ 80ዲ ሴንሰሩ አነስ ያለ ስለሆነ በ1.6 ታባዛላችሁ። 300ው እንደ 480፣ 400ው እንደ 640፣ 600ው እንደ 960 ሆኖ ያያል። ጓደኛዬን ያሰከረው ይሄ 960 የሚለው ቁጥር ነው።

መጀመሪያ ባጃጅ። ድሬ ውስጥ ለፓኒንግ፣ ማለትም የሚሄድን ነገር በካሜራ እየተከተሉ ለማንሳት ልምምድ፣ ከባጃጅ የተሻለ ነገር የለም። ሞልቷል፣ ይፈጥናል፣ ጎማው ይዞራል፣ በነፃ ነው። ከጠዋቱ 1 ሰዓት ላይ ከዚራ ዛፎቹ ሥር ቆመን ሦስቱንም በ1/125 ሞከርን። ትንሹ ቀላል ስለሆነ እንደ ልብ ይከተላል፤ ስታቢላይዘሩ (የእጅ መንቀጥቀጥን የሚያረግበው) ግን ማብሪያና ማጥፊያ ብቻ ነው ያለው፣ ሞድ የምትመርጡበት የለም። 100-400ው ላይ ሞድ 2 የሚባል አለ፣ ወደ ጎን ስትዞሩ አይታገላችሁም፣ የላይና የታች መንቀጥቀጡን ብቻ ይይዝላችኋል። ታምሮኑም ሞድ 2 አለው፣ በደንብ ይሠራል፣ ውሸት አልናገርም። ችግሩ ሌላ ነው። የታምሮን ዙም ከካኖን በተቃራኒ ነው የሚዞረው። ለዓመታት በካኖን የለመደ እጅ ባጃጇ ስትቀርብ ላስፋ ብሎ ያጠባል። ጓደኛዬ ሦስት ጊዜ ተሳሳተ፣ በአራተኛው ባለ ባጃጁን ሰደበው። ሰውየው ምን አደረገ?

በማግስቱ ደንገጎን ወጥተን ሐረር። ጊዲር መጋላ ሥጋ ተራው ላይ ያሉትን አሞራዎች የማያውቅ የለም። ጭላቶች ናቸው። ጣሪያው ላይ ተደርድረው ይጠብቃሉ፣ ሥጋ በፌስታል ይዞ የሚወጣ ሰው ሲያዩ ከላይ ይወረወራሉ። ለአየር ትርኢት መለማመጃ ከዚህ የበለጠ አላየሁም። እንደ ስፒትፋየር ከከፍታ ይወርዳል፣ ከበላያችሁ ታጥፎ ይወጣል፣ የት እንደሚዞር አትገምቱም። አንድ ሥጋ ሻጭ ቁራጭ ወደ ላይ ወረወረልን። አሞራው ክንፉን ሰብሰብ አድርጎ መጣ፣ ጅራቱን እንደ መሪ ጠመዘዘ፣ እግሩን ወደፊት ዘርግቶ አየር ላይ ቀለበው። እኔ በ400 ላይ ነበርኩ፣ ግራ ክንፉ ተቆርጦብኛል። ጓደኛዬ በ600 ላይ ሆኖ ያነሳው ሰማይ ነው። ንጹሕ ሰማይ። አሥራ ምናምን ፍሬም ሰማይ። ጠባብ ሌንስ ውስጥ የሚበር ነገር ፈልጎ ማግኘት ራሱን የቻለ ሙያ ነው፤ ቲኬት ቆርጦ ከድሬ እንግሊዝ ድረስ ሄዶ የሚማሩት አይደለም።

እና ማን አሸነፈ ብትሉ፣ እዚህ ቦታ ላይ 70-300ው። ከሦስቱ ብዙ አሞራ የያዘው እሱ ነው። አላመንኩም፣ ግን ካርዱ ላይ ያለው እሱ ነው።

ፔጆ 404ም ሞከርን። ከ1960 እስከ 1975 እ.ኤ.አ. ፈረንሳይ የተሠራችው፣ ሐረር ላይ በታክሲነት ያረጀችው ፔጆ። ባጃጅ እየቀነሳት ቢሆንም ፈረስ መጋላ አካባቢ ዛሬም ትታያለች። አንድ አባት ሦስት ጊዜ ተመላለሱልን። "ልቁምላችሁ እንዴ?" አሉ። አይ አባባ፣ እየሄዱ ነው የምንፈልገው። የወጣውን ሲያዩ በታምሮኑ የተነሳው ላይ ፊታቸውን አጨማደዱ። "እኔ ይህን ያህል ዘመን ስነዳት እንዲህ አልተንቀጠቀጠችም። የሚንቀጠቀጠው ያንተ ነው" አሉት። ከዚያ በኋላ ክርክር የለም።

ግን ለ600ው ፍትሕ ላድርግለት። የሚያስፈልግበት ቦታ አለ። አንድ ነጠላ ትንሽ አውሮፕላን ከመስመሩ ሩቅ ጫፍ ላይ ሲያልፍ 300 ላይ ጉንዳን ያክላል። አብራሪው ኮፍያውን አድርጎ ወደ ሕዝቡ እጁን ሲያወዛውዝ መያዝ የምትፈልጉ ከሆነ 600 ይረዳል። ወፍም የምታነሱ ከሆነ ከትርኢቱ በኋላ ሥራ አይፈታም። እዚህ ላይ ግን ድሬ ያስተማረን ነገር አለ። ቀን 6 ሰዓት ላይ ደቻቱ አሸዋው ዳር ቆመን ሩቅ ያለ ሰው በ600 አነሳን። ምንም ጥርት ያለ የለም፤ ሰውየው በውሃ ውስጥ የቆመ ይመስላል። ከመሬት የሚወጣው ሙቀት አየሩን ያወዛውዘዋል፣ ሌንሱ በረዘመ ቁጥር ያን ወበቅ ነው የሚያጎላው። እንግሊዝም ቢሆን በበጋቸው አስፋልቱ ሲግል ያው ነው። ለሩቅ የተከፈለው ገንዘብ ሩቁን አያመጣውም።

አሁን ብዙ ሰርግ አንሺ የሚሳሳትበትን ልንገራችሁ። "ኤፍ 2.8 ካልሆነ ሌንስ አይባልም" የሚል እምነት አለ፤ ኤፍ ብርሃን የሚገባበት ቀዳዳ መለኪያ ነው፣ ቁጥሩ ባነሰ ቁጥር ቀዳዳው ይሰፋል። ለሰርግ እውነት ነው። በጠራራ ፀሐይ 1/125 ስታደርጉ ግን አይኤስኦ (ሴንሰሩ ለብርሃን ያለው ስሜት) 100 ላይ እንኳ አፐርቸሩ፣ ማለትም ቀዳዳው፣ ወደ ኤፍ 16 ይሄዳል። የሌንሱ ስፋት ተዘግቶ ነው የሚውለው። ለ2.8 የከፈላችሁት እዚያ ቀን ምንም አይሠራላችሁም። 70-200 2.8 ቀድሞውኑ ካላችሁ ግን አትሽጡት፤ ባለ 1.4 ኤክስቴንደር (ሌንሱን የሚያረዝም ተቀጥላ) ጨምሩበት፣ 280 ይሆናል፣ ትርኢቱን ይወጣዋል፣ ስትመለሱ ደግሞ እንጀራችሁ ነው።

ኤፍ 16 ሌላም ጣጣ አለው። ሴንሰር ላይ ያለ አቧራ ሁሉ ሰማዩ ላይ እንደ ጥቁር ነጠብጣብ ይወጣል። የድሬ ካሜራ ደግሞ ምን ያህል አቧራ እንደሚይዝ ታውቃላችሁ። ከመሄዳችሁ በፊት ሴንሰሩን አስጠርጉ። ሌንስ ከመግዛት በፊት የሚደረግ ነገር ቢኖር ይሄ ነው።

አቧራ ካነሳን፣ ያገለገለ 100-400 ለምትፈልጉ ወጥመዱ እዚህ ነው። ሁለት ዓይነት አለ። የመጀመሪያው በ1998 እ.ኤ.አ. የወጣው፣ ዙሙ የሚዞር ሳይሆን እንደ መርፌ የሚሳብና የሚገፋ ነው። ሲሳብ አየር ያስገባል፣ ከአየሩ ጋር አቧራ። ፎቶ አንሺዎች "የአቧራ ፓምፕ" ብለው ይቀልዱበታል። ስታቢላይዘሩም የቀድሞ ነው፣ ወደ 2 ስቶፕ ያህል ብቻ (አንድ ስቶፕ ሻተሩን በእጥፍ ለማዘግየት ያስችላል)፤ በ2014 እ.ኤ.አ. የተዋወቀው ሁለተኛው ግን 4 ስቶፕ ነው። ለፓኒንግ ይሄ ልዩነት ሰማይና ምድር ነው። እኔ አንዴ አንድ ሱቅ "አዲሱ ነው" ብሎ የመጀመሪያውን ሊሸጥልኝ ነበር፣ ዋጋውም የሁለተኛው ነው። ዙሙን ለማዞር ስሞክር አልዞርም ሲለኝ ነው የነቃሁት። ባለሱቁ "ጠብቆ ነው" አለኝ። በሉ እንግዲህ። ሁልጊዜ ዙሙን በእጃችሁ ሞክሩ፣ ከዚያ በስልክ ባትሪ ከኋላ አብርታችሁ ውስጡን እዩ። ነጭ ድር የመሰለ ነገር ካለ ፈንገስ ነው፣ ጥላችሁ ውጡ።

ሌላ የደክስፎርድ ነገር፦ ተመልካቹ የሚቆመው ፊቱን ወደ ደቡብ አዙሮ ነው። ስለዚህ ቀኑን አብዛኛውን ፀሐይዋ ፊት ለፊት ናት፣ አውሮፕላኑ ጥላ ይሆናል። ሁዱን (ሌንሱ ጫፍ ላይ የሚገባውን የፀሐይ መከለያ) አትርሱ፣ ጉልበታችሁንም ለማምሻው ቆጥቡ፤ ፀሐይዋ ወደ ምዕራብ ስታዘነብል ነው ብርሃኑ የሚያምረው። ያኔ ደግሞ ሁለት ኪሎ ተሸክሞ የዋለ ሰው ሣር ላይ ተጋድሟል። እኔ ተጋድሜ ነበር። ዳኮታ የምትባለዋ አውሮፕላን ስታልፍ ነው ብድግ ያልኩት፤ የኢትዮጵያ አየር መንገድ በ1938 ዓ.ም. ወደ ካይሮ የመጀመሪያ በረራውን ያደረገበት የሲ-47 ዘር መሆኗ ትዝ ብሎኝ። እጄ ዝሎ ስለነበር ፎቶው ተንቀጥቅጧል። እስካሁን ይቆጨኛል።

ለማን ምን ታዲያ? አንድ ጊዜ ብቻ ለሚሄድና ኪሱ ለሚያስብ፣ 70-300ው ይበቃል። አፍሬ አይደለም የምለው፣ ቡድን ሆነው ሲበሩማ ከ300 በላይ አያስፈልግም። ደጋግሞ ለሚሄድ ወይም ሌላም ሥራ ለሚሠራበት 100-400 ሁለተኛው፣ ያገለገለ። 150-600 ወፍ ለሚያነሳ፣ ክንዱ ለሚችል። በአንድ አካል 2000 ሚሜ የሚሉት እንደ ኒኮን ፒ900 ያሉት ካሜራዎች ለጨረቃ ጥሩ ናቸው፣ ለሚበር ነገር ይዘገያሉ፤ አልመክርም።

አንድ ማሳሰቢያ ብቻ። በዚህ ሁሉ ልምምድ ያለ ፈቃድ ወደ ድሬ አየር ማረፊያ እንዳትጠጉ። ረጅም ሌንስ ይዞ አጥር ዳር የሚቆም ሰው "ፓኒንግ እየተለማመድኩ ነው" ቢል ማን ይሰማዋል። ባጃጅ ይበቃል።

ጓደኛዬ ይህን ሁሉ ሰማ፣ ካርዱን አየ፣ የአባትየውንም አስተያየት አስታወሰ። ለደቂቃ ዝም አለና፦

"ታዲያ የማይገዛ ከሆነ ያንተን 100-400 ለክረምት ታውሰኛለህ?"

እስካሁን መልስ አልሰጠሁትም።