የቅዳሜዋን የስዕል አስተማሪ ላመስግን፣ እግረ መንገዴንም ልጠቁማችሁ

ሰላም ወላጆች። ልጻፈው ልጻፈው እያልኩ ሁለት ወር አለፈ። ዛሬ ጠዋት ግን የ11 ዓመቱ ልጄ በር ላይ ከቆራሌው ጋር ሲከራከር ሰማሁና ሳቄ መጣ። «ጋሼ፣ የጀሪካኑና የሃይላንዱ ፕላስቲክ እኮ አንድ አይደለም፣ ከስሩ ያለውን ቁጥር ይዩት» ይለዋል። ሰውየው ሳቀ። «እሱንማ ቁጥር ሳላይ ዳብሼ አውቀዋለሁ» አለው። ሁለቱም ልክ ናቸው።

ይሄን ያስተማረችው ሴት ጀሞ አካባቢ በተከራየችው ግቢ ቅዳሜ ቅዳሜ ልጆች ሰብስባ ስዕልና የእጅ ሥራ ታስተምራለች። ስሜን አትጻፊ ስላለችኝ ልጆቹ እንደሚጠሯት ቲቸር እያልኩ ልቀጥል።

እውነቱን ለመናገር ልጄን ስልከው እየተጠራጠርኩ ነበር። «ከቆሻሻ ጥበብ» የሚባል ነገር አንድ ጊዜ አቃጥሎኛል። ድሮ ይማርበት የነበረ አንድ ቦታ ለሪሳይክል ፕሮጀክት 20 ባዶ ሃይላንድ ለነገ ላኩ አሉን። እኛ ውሃ አፍልተን የምንጠጣ ሰዎች ነን፣ ባዶ ሃይላንድ ከየት ይምጣ? ሱቅ ሄጄ በእሽግ ገዛሁ፣ ውሃውን ድስትና ጆግ ላይ ገለበጥኩ፣ ፕላስቲኩን ላኩ። ቀለምና ብልጭልጭ ተለቅልቆበት፣ በማጣበቂያ ተለጣጥፎ፣ የአበባ ማስቀመጫ ነው ተብሎ ተመለሰ። ወር ሳይሞላው ገንዳ ገባ። ቆራሌው እንኳ አየት አድርጎ ትቶት ሄደ።

ቲቸር በመጀመሪያው ቀን ምንም አላሠራቻቸውም። የቤታችሁን የአንድ ሳምንት ደረቅ ቆሻሻ ሳትጥሉ አጠራቅማችሁ አምጡ አለቻቸው። አመጡ፣ ግቢው መሬት ላይ ዘረገፉት፣ ለየብቻው ከመሩት። ከልጄ ክምር ትልቁ የፌስታል ነበር። ቆጥሮ 41 አለኝ። ዘንቢል ይዤ ነው የምገበየው እያልኩ የምፎክር ሴትዮ፣ ፌስታል የሚከለክለው አዋጅ በ2017 ዓ.ም. ሲጸድቅ ያጨበጨብኩ ሴትዮ! አፈርኩ።

ከዚያ «ይሄ ሁሉ የት ይሄዳል?» ብላ ጠየቀቻቸው። መኪናው ይወስደዋል አሉ። መኪናውስ የት ይወስደዋል? ዝም። የአዲስ አበባ ቆሻሻ ስለሚጣልበት ስለ ቆሼ ነገረቻቸው፤ በመጋቢት 2009 ዓ.ም. ክምሩ ተንዶ ከመቶ በላይ ሰው መግደሉን ሳትደብቅ፣ ግን ሳታስፈራራም። ማታ ልጄ መጥቶ «እማዬ፣ የኛም ፌስታል እዛ ነበር?» አለኝ። ምን ልበለው?

ከሁሉ የወደድኩላት አንድ ሕጓን ነው፦ የተሠራ ነገር ሁሉ መፈታት አለበት። ማስቲሽ የለ፣ ምን የለ። በሽቦ ይታሰራል፣ በክር ይሰፋል፣ ተበስቶ ይሰካካል። ወረቀት ከሆነ ልጆቹ ራሳቸው ዱቄት በውሃ አፍልተው ሙጫ ይሠራሉ። ምክንያቱም ፕላስቲክና ብረት አንዴ ከተጣበቁ በኋላ ማን ቁጭ ብሎ ይለያቸዋል? ቆራሌው አይገዛውም፣ ፋብሪካም አያቀልጠውም። የነሱ ሥራ ግን ይታያል፣ ፎቶ ይነሳል፣ ሲሰለች ይፈታና ሽቦው ለሚቀጥለው ሥራ ይቀመጣል፣ ሃይላንዱ ይሸጣል። በተሸጠው ገንዘብ እርሳስ ገዙ።

አንድ ቅዳሜ አባቴ ልጁን ሊያመጣ ሄዶ ሁለት ሰዓት ጠፋ። ብሄድ፣ መሬት ቁጭ ብሎ የሽቦ መኪና ያሠራቸዋል፣ ጎማው ቆርኪ! «እኛ ስንሠራው ዘላቂነት ምናምን የሚባል ስም አልነበረውም፣ መጫወቻ ስላልነበረን ነው» አለኝ በመንገድ ላይ። ቲቸር ሐሳቡን ወዲያው ያዘችው። በሚቀጥለው ሳምንት መርካቶ፣ ምናለሽ ተራ ወሰደቻቸው፤ አሮጌ ጎማ በረባሶ ሲሆን፣ በርሜል ምድጃ ሲሆን አዩ። ልጄ ስለ መዶሻው ድምፅ ነው ሳምንቱን ሙሉ ያወራው።

የኤልያስ ስሜንም ሥራዎች በፎቶ አሳይታቸዋለች፤ ከመርካቶ በሚገኝ የኮምፒውተር ሰሌዳ፣ የኤሌክትሪክ ሽቦና የኪቦርድ ቁልፍ የሚሠራውን ሰዓሊ። ከሩቅ ሲታይ ከአውሮፕላን ላይ የታየ ማሳ ይመስላል፣ ሲጠጉት የተጣለ ዕቃ ነው። ከዚያ እሱና መስከረም አሰግድ በ2011 ዓ.ም. መካኒሳ የከፈቱትን ዞማ ሙዚየም ጎበኙ። ልጄ በጭቃና በጭድ የተሠራውን ግድግዳ አይቶ «ገጠር ያለው የአያቴ ቤት እኮ ነው፣ ለምንድነው በትኬት የሚገባው?» አለኝ። ጥያቄውን ለቲቸር አስተላልፌዋለሁ።

እንከን የላትም አልልም። ዘግይታችሁ ካመጣችሁት ትቆጣለች፣ እኔንም ተቆጥታኛለች። ልብስ ይበላሻል። ቤታችሁ በካርቶንና በክዳን ይሞላል፤ የኔ አልጋ ስር ያለውን ባታዩት ይሻላል። ግድግዳ ላይ የሚሰቀል ቆንጆ ነገር ይዞልኝ ይመጣል ብላችሁ ከሆነም ይቅርባችሁ። ክፍያዋ ግን ለእንግሊዝኛ አስጠኚ ከምከፍለው ያነሰ ነው፣ ልጆቹም ከአሥር አይበልጡም፤ እያንዳንዱን በስሙና በአመሉ ታውቀዋለች።

ቲቸር፣ ይሄን ካነበብሽ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። የኔ ልጅ ቅዳሜ ጠዋት ሳይቀሰቀስ ሲነሳ ያየሁት ባንቺ ነው።

ለክረምቱ ከ8 እስከ 14 ዓመት ያሉ ልጆች ትመዘግባለች። የፈለገ ኢንቦክስ ያድርገኝ፣ እሷን ጠይቄ ስልኳን እልካለሁ። ቆርኪ ያላችሁ ደግሞ እባካችሁ አትጣሉ። ለግቢዋ በር መጋረጃ እየሠሩ ነው፣ እስከ ጉልበት ደርሶ ቆርኪ አልቆባቸዋል።