ጎማ ይበላ የነበረው ክንድ፦ ሰንሰለቱን በዘንግ ከቀየርን 10 ወር

ባቢሌ ያለችን መሬት አሸዋማ ናት፤ ለኦቾሎኒ የተመቸች፣ ጎማ የሚበላ ድንጋይም የሌላት። ለዚህ ነው የትራክተራችን የኋላ ጎማ ዓመታት ይቆያል ብዬ የተዝናናሁት። አምና ግን እርሻው ሳያልቅ የግራው ጎማ ውስጥ በኩል ጎኑ ላይ ጣት የሚያስገባ ቦይ ወጣለት። መሬት የሚነካው ፊቱ አዲስ ነው፣ ጥርሱ ሙሉ ነው፤ ማንም ጎንበስ ብሎ የማያየው ጎኑ ተበልቷል።

ትራክተሯ ያገለገለች የጃፓን ሥሪት ናት፤ 25 የፈረስ ጉልበት፣ የኋላ ጎማዋ 9.5-24። ሹፌሩ የወንድሜ ልጅ ነው። አብሯት የመጣው ሮታቬተር፣ በሚሽከረከር ቢላ አፈር የሚያደቀው ዕቃ፣ ምንም ነገር ነክቶ አያውቅም። ጣጣው የጀመረው ከትልቅ ትራክተር ላይ የወረደ ዲስክ መከስከሻ በቅናሽ ስንገዛ ነው። «ጋሼ፣ ስጠመዘዝ የጎማ ሽታ ይሸተኛል» ሲለኝ ፍሬን መስሎኝ «አቦ፣ ፍሬኑን ለቀቅ አድርግ» አልኩት። ጥፋቱ የእኔ ነው፤ ያኔ ወርጄ ባይ ኖሮ ያ ቦይ አይወጣም ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሦስት ነጥብ ማያያዣ የምንለውን፣ ሃሪ ፈርጉሰን ያበጀውንና በ1939 እ.ኤ.አ. በወጣው ፎርድ ትራክተር ዓለም ያወቀውን ነገር፣ ዛሬ ትንሽ ትልቅ ሳይል ከሞላ ጎደል ሁሉም ትራክተር ይዞታል። ሁለቱ የታች ክንዶች ይጎትታሉ፣ የላዩ ይደግፋል። የታቾቹ በሁለቱም ጫፋቸው ላይ እንደ ትከሻ መገጣጠሚያ የሚዞር ኳስ ስላላቸው ወደ ላይና ወደ ታች ብቻ ሳይሆን ወደ ጎንም ይወዛወዛሉ። ወደ ጎን መወዛወዙ ጉድለት አይደለም፤ ማረሻ ስታርስ ትንሽ ካልተፈቀደለት ስትጠመዘዝ ብረቱን ያጎብጠዋል። ግን ልክ ሊኖረው ይገባል፤ ያለዚያ ክንዱ ጎማው ጎን ድረስ ሄዶ ይፍቀዋል። ልክ የሚያበጅለት ከትራክተሩ ሆድ ሥር ተነስቶ እያንዳንዱን ክንድ ወደ ውጭ እንዳይሄድ የሚይዝ ሰንሰለት ነው። የእኛ ሰንሰለት አርጅቶ ቀለበቶቹ ተስበዋል፤ የግራው ደግሞ ከእኛ በፊት በነበረው ሰው እጅ በሽቦ የተቀጠለ ነበር።

የካቲት ላይ ድሬዳዋ ወርጄ በሰንሰለቱ ቦታ የሚገባ ዘንግ ገዛሁ፤ ግምገማው የእሱ ነው። በአንድ ወገን የቀኝ፣ በሌላው የግራ ጥርስ የወጣለት፣ መሃሉን በመፍቻ ስትጠመዝዘው የሚያጥርና የሚረዝም ጠንካራ ብረት ነው። በሁለቱም ጫፍ ፔርኖ፣ ማለትም ማያያዣ ሚስማር፣ እሱም እንዳይወጣ የሚይዝ ኮፒሊያ አለው። ዋጋውን ብጽፈው በሚቀጥለው ወር ውሸታም ስለሚያደርገኝ እንዲህ ልበል፦ ጥንዱን ከአንድ አዲስ የኋላ ጎማ ሩብ ባነሰ ነው የገዛሁት።

መግጠሙ ቀላል ነው፤ ግማሽ ሰዓት አልፈጀም። እኔ ግን ከመግጠሙ ይልቅ በማጥበቁ ተሳሳትኩ፤ እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚሁ ነው። መከስከሻው መሬት ላይ አርፎ ሳለ ሁለቱንም ዘንግ ጥርቅም አድርጌ አጠበቅኩ። «አሁን ወዴት ይወዛወዛል!» ብዬ ኮራሁ። ልጁ ሃይድሮሊኩን ሲያነሳ ከሥር ጧ! የሚል ድምፅ ወጣ። ዘንጉ የታሰረበት፣ ከትራክተሩ ጋር የተበየደው ጆሮ ተሰነጠቀ።

የሆነው ይህ ነው፦ ዘንጉ የሚነሳበት ቦታና ክንዱ የሚዞርበት ቦታ አንድ መስመር ላይ አይደሉም። በእኛ ትራክተር የዘንጉ መነሻ ከክንዱ መዞሪያ ዝቅ ይላል፤ ስለዚህ ክንዱ ከፍ ባለ ቁጥር ዘንጉ ከሚነሳበት ክንዱ ላይ እስከሚታሰርበት ያለው ርቀት ይጨምራል። ታች ላይ «ጥብቅ» የነበረው ላይ ሲደርስ የሚሰበር ይሆናል። ሰንሰለት ሆኖ ቢሆን ቀድሞ ይጮህ ነበር፣ ምናልባትም ቀለበቱ ይለጠጥ ነበር፤ ዘንግ ግን አይለጠጥም፣ የያዘውን ነው የሚሰብረው። ያን ቀን በያጅ ፍለጋ ከባቢሌ ሐረር ተመልሼ፣ የእርሻው ቀን እንዲሁ አለፈ።

አሁን የምናደርገው እንዲህ ነው። እቃውን እስከ ጣሪያው እናነሳለን፣ ከሥሩ ወፍራም ግንድ እናስደግፋለን፣ ሞተሩን እናጠፋለን፤ ከዚያ ነው የምናጠብቀው፤ በእጅ ስትገፋው ሁለት ሳንቲሜትር ያህል ወዲያ ወዲህ እስኪል። ሲወርድ ይላላል፣ ሲነሳ ይጠብቃል። ለመከስከሻና ለማረሻ የሚፈለገውም ይኸው ነው፦ ሥራ ላይ ነፃነት፣ መንገድ ላይ ጥብቀት። ሮታቬተር ሲሆን ከዚህ ጠበቅ እናደርገውና ልጁን «ከግማሽ በላይ እንዳታነሳ» እንለዋለን፤ ፒቲኦው፣ የሞተሩን ጉልበት ከኋላ ለዕቃው የሚሰጠው፣ እየዞረ ከፍ ማድረጉ ለራሱ ለፒቲኦው ዘንግ መገጣጠሚያም ጥሩ አይደለምና።

እዚህ ድረስ ያነበበ «ታዲያ መነካካቱ ቆመ?» ይላል። አልቆመም! ቀነሰ እንጂ አልቆመም። ሦስት ሳምንት ሙሉ ዘንጉን ስወቅስ ከረምኩ። በኋላ ድሬዳዋ የተሰነጠቀውን ጆሮ በሚገባ ሊያጠናክርልኝ የያዘው የቶርኖ ቤት ሽማግሌ፣ ሜትር አውጥቶ፣ ክንዶቹ ከሚታሰሩባቸው የመከስከሻው ጆሮዎች ከአንዱ እስከ ሌላው ለካና ሳቀብኝ። «ልጄ፣ ይሄ የትልቅ ትራክተር ዕቃ ነው።»

ልክ ነበረ። አነስተኛ ትራክተሮች የሚይዙት አንደኛ ምድብ የሚባለውን ማያያዣ ነው፤ የታች ፔርኖው 22 ሚሊሜትር፣ በሁለቱ መካከል ያለው ስፋት 68 ሳንቲሜትር ገደማ። ሁለተኛው ምድብ 28 ሚሊሜትር ፔርኖና 82 ሳንቲሜትር ስፋት አለው። ሻጩ ቀጭን ፔርኖ አስገብቶ «ይገጥማል» ብሎ ሸጠልኝ፤ መግጠም ገጠመ። ስፋቱ ግን እንዳለ ነው። የእኔ ጎማዎች በውስጥ በኩል በመካከላቸው 94 ሳንቲሜትር ክፍተት አላቸው። 82 ሳንቲሜትር በተራራቁ ጆሮዎች ላይ ክንዶቹን ከውጭ ስታስገባ፣ የክንዱን ውፍረት ደምረህ፣ በየጎኑ የሚቀርህ ከአንድ ጣት አይበልጥም። የትኛውም ዘንግ ይህን አያድንም።

መጀመሪያ ያሰብኩት ጆሮዎቹን አስቆርጬ ወደ ውስጥ ማስበየድ ነበር። ሽማግሌው «ለምን ብረት ታባክናለህ፣ ፔርኖውን ገልብጠው» አለኝ። እውነትም፣ ፔርኖው በዳዶ የታሰረ ነው። አውጥቶ ፊቱን ወደ ውስጥ አዞረው፤ በአንደኛው ጆሮ ጀርባ የነበረች የድጋፍ ላሜራ መንገድ ስለዘጋች ጥግዋን ቆረጠላት። አሁን ክንዶቹ ከጆሮዎቹ ውጭ ሳይሆን ውስጥ ናቸው፤ ከጎማ በየጎኑ 7 ሳንቲሜትር ይርቃሉ። ዘንጉንም እንደገና ማሳጠር አስፈለገ፤ ጥርሱ ይበቃ ነበር፣ ለጥቂት። ለዚህ ሥራ የጠየቀኝ ገንዘብ ከድሬዳዋ ሐረር ከምከፍለው መሳፈሪያ ብዙም አይበልጥም።

ከዚያ በኋላ ነው ዘንጉ ዋጋውን ያሳየኝ። ሚያዝያ መሬት አዘጋጀን፣ ከዚያ መደብ አወጣን፣ ዘራን፤ ጥቅምትና ኅዳር ኦቾሎኒውን ስናነሳ ተጎታቹን ይዛ ተመላለሰች። ጎማው ላይ አዲስ ጭረት የለም። ቦይ የወጣበት ጎማ እስካሁን እየሠራ ነው፤ የውስጥ ክሩ ስላልታየ ጎሚስታው «ተጠቀምበት፣ ግን ከባድ ጭነት አታብዛበት» ብሎኛል። ተዳፋት ላይ፣ ዕቃው በክብደቱ ወደ ታችኛው ጎማ በሚያዘነብልበት ቦታ፣ ልዩነቱ ጎልቶ ይታያል። ከሐረር ወደ ባቢሌ ስንወርድ ባለው አስፋልት ላይ መከስከሻው እንደ ድሮው ግራ ቀኝ እየመታ አያስጨንቅም።

ቅሬታ የለኝም አልልም። አንደኛ፣ ማሰሪያ ዳዶው በንዝረት ይላላል። በሁለተኛው ወር የቀኙ ዘንግ ራሱን በራሱ ሁለት ዙር ረዝሞ አገኘነው። አሁን በላዩ ሌላ ዳዶ ጨምረን፣ መሃሉን ደግሞ በሽቦ ከክንዱ ጋር አስረነዋል። ይህን ፋብሪካው ማሰብ ነበረበት። ሁለተኛ፣ የባቢሌ አሸዋ። ግራሶ የቀባነው ጥርስ አሸዋ ጠጥቶ በነሐሴ በሁለት መፍቻ እንኳ አልዞር አለ። በናፍጣ አጥበን ግራሶውን ትተን የተቃጠለ ዘይት በብሩሽ መቀባት ጀመርን፤ አሸዋ ያነሰ ይይዛል፣ እንደፈለግነውም ይዞራል። ሦስተኛ፣ አብሮት የሚመጣው ኮፒሊያ ከሽቦ የማይሻል ነው፤ አንዱ እርሻ መሃል ጠፋ። መለዋወጫ አምስት ስድስት ገዝቶ ሳጥን ውስጥ መጣል ነው።

ልጁ አንድ ሐሳብ ነበረው፤ ጎማዎቹን አስፍተን እንሥራ የሚል። ትክክል ነው፣ ይቻላል። የግራውን ጎማ ወደ ቀኝ፣ የቀኙን ወደ ግራ ብታዛውረው ቸርኬው ፊቱን ስለሚገለብጥ ጎማው ወደ ውጭ ይወጣል፤ የጥርሱም አቅጣጫ አይበላሽም። እዚያው ባለበት ጎን ብቻ ብትገለብጠው ግን ጥርሱ ወደ ኋላ ይዞርብሃል፣ መያዙንም ያጣል። እኛ ያልሠራነው የኦቾሎኒ መስመራችን ለአሁኑ ስፋት ስለተለካ ነው። ለጎማው ስፋት የተለካ መስመር የሌለው ሰው ግን ዘንግ ከመግዛቱ በፊት ይህን ቢሞክር ገንዘብ አያወጣም።

ክንዱን በማስረዘሚያ ወደ ኋላ የሚገፉትን መግጠሚያዎችም አይቻለሁ። ዕቃው ከጎማው ይርቃል፣ እሰየው፤ ግን ሮታቬተር ካለህ የፒቲኦው ዘንግ ውስጥ ለውስጥ የሚገባው ክፍል ይቀንሳል፤ ሢሶው እንኳ ካልተደራረበ እየዞረ ሊወጣ ይችላል። ያን አልፈለግኩም።

ይህን ዘንግ እንደገና እገዛዋለሁ? እገዛዋለሁ፣ ግን በመጀመሪያ ሜትር ይዤ እወርድና የጎማውን ክፍተትና የዕቃውን ጆሮ እለካለሁ። ያረጀ ሰንሰለት ያለው፣ ዕቃው ከትራክተሩ ምድብ ጋር የሚሄድ ሰው ቶሎ ይጠቀምበታል። ልጁ ደግሞ ትናንት ከእርሻ ሲመለስ ስለ ጎማ ሽታ ምንም አላለኝም፤ «ጋሼ፣ በርጫው ደርሷል ወይ?» ብቻ።